የአንባቢያን ጥያቄና የሐኪም መልስ፦ የሐሞትና የቆሽት ቱቦ ኢንዶስኮፒ ሊያስከትላቸው የሚችላቸው ችግሮች

በዚህ እትም የተመረጡት ደብዳቤዎች ሁሉም በአንድ ሕክምና ዙሪያ የተጻፉ ናቸው። ሕክምናው ኢአርሲፒ ይባላል፤ ኢንዶስኮፕ የተባለ ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ በአፍ ገብቶ ጨጓራን አልፎ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ይደርስና፣ የሐሞትና የቆሽት ቱቦዎች ወደ አንጀት በሚከፈቱበት ጠባብ ቀዳዳ በኩል ቀጭን ቱቦ ተሰዶ፣ በራጅ እየታየ ጠጠር ይወጣል፣ የጠበበው ይሰፋል ወይም ስቴንት፣ ማለትም መንገዱን ክፍት የሚያደርግ ትንሽ ቧንቧ፣ ይቀመጣል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጠያቂዎቹን ማንነት የሚያሳውቅ ዝርዝርም አውጥተናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እናቴ 62 ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ሽንታቸው ጠቁሮ ሲመረመሩ በዋናው የሐሞት ቱቦ ውስጥ ጠጠር ተገኘባቸው፤ ኢአርሲፒም ታዘዘላቸው። እንድንፈርምበት የተሰጠን ወረቀት ግን የቆሽት ብግነት፣ መድማት፣ የአንጀት መበሳት፣ አልፎ ተርፎም ሞት ሊደርስ እንደሚችል ይዘረዝራል። ወንድሞቼ «ይቅርባቸው፣ በመድኃኒት ይታከሙ» ይላሉ። እናቴም ወረቀቱ ከተነበበላቸው ጀምሮ እንቅልፍ አጥተዋል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ወረቀቱ የዘረዘረው ሁሉ እውነት ነው፤ የጎደለው እያንዳንዱ ችግር ምን ያህል ጊዜ እንደሚደርስና ሕክምናው ቢቀር ምን እንደሚከተል ነው። ኢአርሲፒ ከሚሠራላቸው 100 ሰዎች ውስጥ ከ3 እስከ 10 የሚሆኑት የቆሽት ብግነት ይይዛቸዋል፤ የአብዛኞቹም ቀላል ሆኖ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይድናል። ጠጠሩ እንዲወጣ የቱቦው አፍ ተቆርጦ በሚሰፋበት ጊዜ አሳሳቢ መድማት የሚያጋጥማቸው ከ100 ሰዎች 1 ወይም 2 ቢሆኑ ነው። የሐሞት ቱቦ ኢንፌክሽን ከ100 ሰዎች እስከ 3 በሚሆኑት ላይ ሊደርስ ይችላል፤ የአንጀት መበሳት ግን ከ100 ሰው በአንድ ላይ እንኳ አይደርስም። ሞትም እንዲሁ ከ100 ከአንድ በታች ሲሆን፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ ቀድሞውኑ በጽኑ የታመሙ ሰዎች ናቸው።

ወንድሞችዎ ሊያስቡበት የሚገባው ደግሞ ጠጠሩ እዚያው ቢተው የሚሆነው ነው። ቱቦውን የዘጋ ጠጠር የሐሞትን ፍሰት ያቆማል፤ በቆመው ሐሞት ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ከገባ በሰዓታት ውስጥ የደም ግፊት የሚያወርድ፣ ኩላሊት የሚያደክም ከባድ ሕመም ይሆናል። ጠጠሩ ወደ ታች ወርዶ የሁለቱ ቱቦዎች መገናኛ ላይ ቢቀመጥ፣ ያ የፈራችሁት የቆሽት ብግነት ኢአርሲፒ ሳይሠራም ይመጣል። ቱቦ ዘግቶ ሰውን ቢጫ ያደረገን ጠጠር በመድኃኒት አሟሙታለሁ ብሎ መጠበቅ ደግሞ አያዋጣም፤ እንዲህ ያለ አስተማማኝ መድኃኒት የለም። አንቲባዮቲክም ቢሆን ኢንፌክሽኑን ለጊዜው ይገታ ይሆናል እንጂ መንገዱን አይከፍትም። በቀዶ ሕክምና ቱቦውን ከፍቶ ጠጠሩን ማውጣት ይቻላል፤ ሙያው ባለበት ቦታ ተቀባይነት ያለው አማራጭ ነው፤ ሆኖም እሱም የራሱ አደጋ አለው።

ስለዚህ በእናትዎ ሁኔታ ሕክምናው ቢደረግ የምመርጥ መሆኔን ሳላመነታ እናገራለሁ። የሚያጽናናችሁ ሌላም ነገር አለ፤ የቆሽት ብግነት ይበልጥ የሚያሰጋው ወጣቶችንና ቢሊሩቢናቸው (ሲበዛ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው የደም ንጥረ ነገር) ጤናማ የሆኑ ሰዎችን ነው፤ በዕድሜ የገፉ፣ ቢጫ የሆኑና ጠጠራቸው በምርመራ የተረጋገጠ ሰዎች ላይ አደጋው ያንሳል። በእሳቸው ዕድሜ ይበልጥ ልታስቡበት የሚገባው ማደንዘዣው ነው። በሽተኛው በሆዱ ወይም በጎኑ ተኝቶ ስለሚሠራ፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም፣ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ የማቋረጥ ችግር፣ ቀደም ሲል ከማደንዘዣ ጋር የተያያዘ መቸገር ካለባቸው አስቀድሞ ይነገር። የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ፣ የስኳርም ሆነ የግፊት፣ በጽሑፍ ይቅረብ። ጠንካራ ምግብ ሳይቀምሱ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይቆዩ። ጠጠሩ ከወጣ በኋላም የሐሞት ከረጢታቸው ገና በቦታው ካለና ለቀዶ ሕክምና አቅም ካላቸው፣ ከረጢቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢወጣ ይመረጣል፤ የጠጠሩ መነሻ እሱ ነውና ብዙ ከዘገየ ችግሩ ሊመላለስ ይችላል።

ጥያቄ፦ የ41 ዓመት ሰው ነኝ። ከቱቦዬ ጠጠር በኢአርሲፒ ወጥቶልኛል። ስነቃ ደህና ነበርኩ፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ከላይኛው ሆዴ ተነስቶ እስከ ጀርባዬ የሚዘልቅ ሕመም ያዘኝ፣ ደጋግሞም አስመለሰኝ። የቆሽት ብግነት ነው ተብዬ 9 ቀን ሆስፒታል ተኛሁ። ቤተሰቦቼ «ሐኪሙ ቆሽትህን ወጋው» ይላሉ። ስህተት ተሠርቶብኛል ማለት ነው? ደግሞስ ሊቀር የሚችል ነገር ነበር?

መልስ፦ ይህ ከሁሉም ችግሮች በብዛት የሚታየው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

ሐኪሙ በስክሪኑ ላይ የሚያየው ከአንጀቱ ግድግዳ ብቅ ያለች ጥቂት ሚሊ ሜትር የምታህል ቅንጣት ሥጋ ነው፤ ፓፒላ ትባላለች። በብዙ ሰዎች ላይ የሐሞት ቱቦና የቆሽት ቱቦ በዚህች ቅንጣት ውስጥ ተገናኝተው በአንድ አፍ ይወጣሉ። የሐሞት ቱቦው ከአፉ እንደገባ ወደ ላይና ወደ ግራ ያጋድላል፤ የቆሽት ቱቦው ደግሞ ይበልጥ ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ሐሞት ቱቦ የታለመች፣ ውፍረቷ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሆነች የመሪ ሽቦ፣ ቀጥተኛው መንገድ ስለሚቀላት ወደ ቆሽት ትገባለች። ይህ በማንኛውም ልምድ ያለው ሐኪም እጅ የሚደርስ ነው። ፓፒላዋ ደጋግማ ስትነካ ታብጣለች፤ ያበጠች ፓፒላ የቆሽትን ፈሳሽ መውጫ ትዘጋለች፤ ምግብ ለመፍጨት የተዘጋጁት ኤንዛይሞች አንጀት ሳይደርሱ እዚያው ቆሽቱ ውስጥ ሥራ ይጀምራሉ። ወደ ቆሽት ቱቦ በግፊት የሚገባ የራጅ ቀለምም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል። የአውሮፓ የኢንዶስኮፒ ሐኪሞች መመሪያ ፓፒላዋን ከ5 ጊዜ በላይ መንካትን፣ ከ5 ደቂቃ በላይ መሞከርን ወይም የቆሽት ቱቦ ውስጥ ሳይታሰብ ከአንድ ጊዜ በላይ መግባትን «አስቸጋሪ አገባብ» ብሎ የሚፈርጀው ለዚህ ነው፤ እዚያ ደረጃ ላይ የደረሰ ሐኪም በዚያው ዘዴ ከመታገል ይልቅ ወደ ሌላ ዘዴ እንዲሻገር ይመከራል።

እ.ኤ.አ. በ1991 ባለሙያዎች በተስማሙበት መለኪያ መሠረት፣ ከኢአርሲፒ በኋላ የመጣ የቆሽት ብግነት ነው የሚባለው አዲስ የሆድ ሕመም ሲኖር፣ ከ24 ሰዓት በኋላም በደም ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለ የቆሽት ኤንዛይም ከጤናማው ከፍተኛ መጠን ቢያንስ 3 እጥፍ ሲሆንና ሕመሙ ሰውየውን ሆስፒታል ሲያስተኛ ወይም ቆይታውን ሲያራዝም ነው። 2 ወይም 3 ቀን ያስተኛ ቀላል፣ ከ4 እስከ 10 ቀን መካከለኛ፣ ከዚያ የበለጠ ወይም ሌላ ጉዳት ያስከተለ ከባድ ይባላል። የእርስዎ እንግዲህ መካከለኛው ነበር። ሕመም ሳይኖር አሚሌዝ ብቻውን ከፍ ቢል ግን በሽታ አይደለም፤ ከኢአርሲፒ በኋላ በብዙ ሰዎች ላይ ይታያልና ሌሎች አንባቢያን በውጤት ወረቀት ብቻ እንዳይደነግጡ።

ሊቀር ይችል ነበር ወይ ላሉት፣ ሙሉ በሙሉ ማስቀረት አይቻልም፤ መቀነስ ግን በእርግጥ ይቻላል። ሕክምናው ሊጀመር ሲል ወይም እንዳበቃ ወዲያው ብግነት የሚቀንሱትን ኢንዶሜታሲን ወይም ዳይክሎፌናክ 100 ሚሊ ግራም በፊንጢጣ መስጠት ከሁሉም ቀላሉና ርካሹ መከላከያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ የታተመ፣ ለብግነቱ ይበልጥ የተጋለጡ 602 ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ ማስመሰያ መድኃኒት ከተሰጣቸው 16.9 በመቶው፣ ኢንዶሜታሲን ከተሰጣቸው ግን 9.2 በመቶው ብቻ እንደታመሙ አሳይቷል። አንዲት በፊንጢጣ የምትገባ መድኃኒት ይህን ያህል ለውጥ የምታመጣ ከሆነ፣ መከልከያ ምክንያት ሳይኖር የሚያልፋት ሆስፒታል ለምን እንዳለፋት መጠየቅ አለበት። መከልከያ ምክንያቶች አሉ፤ የደከመ ኩላሊት፣ ለእነዚህ መድኃኒቶች ቁጣ (አለርጂ) ያለበት ሰው፣ መጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ይጠቀሳሉ። ለእንደነዚህ ያሉ ሰዎች ሪንገር ላክቴት የተባለውን ፈሳሽ በደም ሥር በብዛት መስጠት ይጠቅማል፤ ልባቸው ወይም ኩላሊታቸው የደከመ ከሆነ ግን ይህም በጥንቃቄ ነው። የመሪ ሽቦዋ ደጋግማ ወደ ቆሽት ከገባች ደግሞ ውፍረቱ 1.7 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ የፕላስቲክ ስቴንት በቆሽት ቱቦው ውስጥ ማስቀመጥ፣ ፓፒላዋ ብታብጥም ፈሳሹ መውጫ እንዲኖረው ያደርጋል፤ በተለይ ከባዱን ብግነት ይከላከላል።

ስለዚህ ብግነቱ መድረሱ ብቻውን የሐኪምን ጥፋት አያረጋግጥም፤ በምርጥ እጆችም ይደርሳል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ለሐኪሙ በአክብሮት የማቀርባቸው ጥያቄዎች ግን እነዚህ ናቸው፦ ከመሥራታችሁ በፊት አደጋውን በሚገባኝ ቋንቋ ነግራችሁኛል? መከላከያው መድኃኒት ተሰጥቶኛል? ሕመሜን ስናገር ወዲያው ተመረመርኩ ወይስ «ንፋስ ነው፣ ያልፋል» ተባልኩ? የመጨረሻው ከሁሉም የከበደ ነው፤ የገባው አየር ለጊዜው ሆድን ሊነፋ ቢችልም፣ እየጠነከረ የሚሄድ ሕመምን ሳይመረምሩ በሽተኛን ወደ ቤት መላክ ትክክል አይደለም። ብግነቱን የሚያጠፋ የተለየ መድኃኒት ስለሌለ፣ ሕክምናው በጊዜ የሚጀመር ፈሳሽ፣ በቂ የሕመም ማስታገሻና ሆድ እንደቻለ ቶሎ ምግብ መጀመር ነው፤ ያለፈ ሰዓት ደግሞ አይመለስም። ለወደፊቱ ሌላ ኢአርሲፒ የሚያስፈልግዎ ቢሆን ይህ እንደደረሰብዎ ቀድመው ይናገሩ፤ አንድ ጊዜ የታመመ ሰው ለሁለተኛው ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። የሐሞት ከረጢቴ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አልፎ አልፎ በቀኝ ጎድኔ ሥር ያመኛል። የጉበት ምርመራዬና አልትራሳውንዱ ጤናማ ናቸው። አንድ ሐኪም «ለማንኛውም ኢአርሲፒ ይሠራልሽና እንየው» አሉኝ። ልስማማ?

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ሁኔታ እንዳይቸኩሉ እለምንዎታለሁ። ኢአርሲፒ ለማየት ተብሎ የሚሠራበት ዘመን አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1968 ፓፒላዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በኢንዶስኮፕ ሲደረስባት ቱቦዎቹን ያለ ቀዶ ሕክምና ማየት በራሱ ትልቅ ነገር ነበር፤ ዛሬ ግን ኤምአርሲፒ የሚባለው የማግኔት ምርመራ ምንም ሳይገባ፣ ያለ ጨረር ቱቦዎቹን ያሳያል፤ ኤምአርሲፒ የሚያልፋቸውን ትንንሽ ጠጠሮችም በጫፉ አልትራሳውንድ የተገጠመለት ኢንዶስኮፕ ፓፒላዋን ሳይነካ ያገኛቸዋል።

በዚህ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ከሁሉም በላይ ልብ እንዲባል የምፈልገው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ኢአርሲፒ በብዛት የሚጎዳው ብዙም የማያስፈልጋቸውን ሰዎች ነው። ወጣትነት፣ ሴትነት፣ ጤናማ ቢሊሩቢንና የፓፒላዋ ጡንቻ በትክክል አይላላም የሚል ጥርጣሬ እያንዳንዳቸው የቆሽት ብግነትን ዕድል ይጨምራሉ፤ እርስዎ ዘንድ ደግሞ ሁሉም በአንድነት ተገናኝተዋል። ለዕድሜ ባለጸጋና ቢጫ ለሆነ በሽተኛ የተነገረው አኃዝ ለእርስዎ አይሠራም፤ የእርስዎ ከፍ ያለ ነው።

ከዚህም ሌላ ጥቅሙ ራሱ ተፈትኗል። ከረጢታቸው የወጣ፣ የሚያማቸው፣ ነገር ግን የጉበት ምርመራቸውና ቱቦዎቻቸው ጤናማ የሆኑ 214 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ የፓፒላዋን ጡንቻ መቁረጥን እንደተቆረጠ ከማስመሰል ጋር አነጻጽሯል። ከአንድ ዓመት በኋላ ተሻላቸው የተባሉት ከተቆረጠላቸው 23 በመቶ፣ ካልተቆረጠላቸው ደግሞ 37 በመቶ ነበሩ። የሕመምዎን እውነተኛነት አንድም ሰው ሊጠራጠር አይገባም፤ ግን መፍትሔው እዚያ ያለ አይመስልም። ሕመሙ በተነሳበት ቀን የጉበት ምርመራ ይድገሙ፤ ኤምአርሲፒ ወይም የኢንዶስኮፕ አልትራሳውንድ ይጠይቁ፤ ጨጓራ፣ አንጀትና የጎድን ጡንቻም ይመርመሩ። ጠጠር ወይም ጥበት በግልጽ ከታየ ያኔ ነገሩ ይለወጣል።

ጥያቄ፦ አባቴ በልብ ምክንያት ዋርፋሪን የተባለ ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። ለኢአርሲፒው አቁመውት ነበር፤ የቱቦው አፍ ተቆርጦ ጠጠር ወጣላቸው፤ መድኃኒቱንም ጀመሩ። በ5ኛው ቀን ሰገራቸው ጥቁር ሆነ። እሳቸው «ደህና ነኝ» ይላሉ። እንዴት እንየው?

መልስ፦ ደብዳቤው እንደደረሰን አባትዎን በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል እንዲወስዷቸው አሳውቀንዎታል፤ እዚህ የምጽፈው ለሌሎችም ይጠቅማል በማለት ነው። ቁርጡ በኤሌክትሪክ ሙቀት የሚደረግ በመሆኑ ብዙው መድማት እዚያው እያለ ይቆማል። ሆኖም ቁስሉ ላይ የረጋው ደም ሲላቀቅ፣ በተለይም ደም ማቅጠኛ እንደገና ሲጀመር፣ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ዘግይቶ ሊደማ ይችላል። ደሙ ከላይኛው አንጀት ስለሚመጣ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ ጥቁር፣ እንደ ሬንጅ የሚለጠፍና የተለየ ሽታ ያለው ሰገራ ሆኖ ይወጣል። የብረት እንክብል የሚወስድ ሰው ሰገራም ይጠቁራል፤ ነገር ግን በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ይህን ለመለየት ቤት ውስጥ መገመት አይገባም። ሲነሱ ማዞር፣ የልብ መምታት መፍጠን ወይም ላብ ላብ ማለት ከተጨመረ ጊዜ አይሰጥም። አብዛኛው መድማት በዚያው ኢንዶስኮፕ አድሬናሊን በመውጋት፣ በሙቀት፣ በክሊፕ ወይም በብረት ስቴንት ይቆማል፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው በጣም ጥቂቶች ናቸው።

ስለ መድኃኒቶቹ አጠር አድርጌ ልበል። ቁርጥ የታሰበ ከሆነ ዋርፋሪን ብዙውን ጊዜ 5 ቀን ቀደም ብሎ ይቆምና አይኤንአር የተባለው የደም መርጋት ልኬት ከ1.5 በታች መሆኑ ይረጋገጣል፤ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለው ሰው ግን በምትኩ ሄፓሪን የተባለ በመርፌ የሚሰጥ ደም ማቅጠኛ ሊያስፈልገው ይችላል። ሌላው ደም ማቅጠኛ ክሎፒዶግሬል ከ5 እስከ 7 ቀን ቀደም ብሎ ይቆማል፤ የልብ ስቴንት በቅርቡ የተደረገለት ሰው ግን የልብ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ሊያቆም አይገባም፤ የዚያ ስቴንት መዘጋት ከመድማቱ የከፋ ነው። አስፒሪን በአብዛኛው አይቋረጥም። በመካከሉ ምንም ሳይቆረጥ ስቴንት ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ ደም ማቅጠኛውን ሳያቆሙ መሥራት የሚቻልበት ጊዜ አለ፤ ቸኩሎ በራስ ውሳኔ ማቆምም መጀመርም አይገባም።

ጥያቄ፦ አንጀት ተበስቶ ሆድ ተከፈተ ሲባል እሰማለሁ። የተበሳ ሁሉ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል?

መልስ፦ አያስፈልገውም። ኢንዶስኮፑ ራሱ የአንጀቱን ግድግዳ ከቀደደው ቀዳዳው ትልቅ ስለሚሆን ወዲያው መዘጋት አለበት፤ ብዙ ጊዜ ይህ ቀዶ ሕክምና ነው። በፓፒላዋ አካባቢ ቁርጡ ትንሽ አልፎ ሲሄድ ወይም ሽቦ ስትበሳ የሚፈጠረው ግን በብዛት በጾም፣ በአንቲባዮቲክ፣ በስቴንትና በቅርብ ክትትል ይድናል። ተራ ራጅ ከሆድ ጀርባ ያለን አየር ሊያልፈው ስለሚችል፣ ጥርጣሬ ካለ ሲቲ ስካን ይነሳ። ቀደም ሲል የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት የአንጀቱ መስመር የተቀየረ ሰው አደጋው ከፍ ስለሚልበት፣ ይህን ታሪክ መደበቅም መርሳትም የለበትም።

ጥያቄ፦ ከሌላ በሽተኛ የተረፈ ጀርም በመሣሪያው በኩል ይተላለፋል መባሉን አንብቤ ፈራሁ። እውነት ነው? ለሁሉም ሰው አንቲባዮቲክ ለምን አይሰጥም?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ኢንፌክሽን ግን ከዚያ አይመጣም። በብዛት የሚታየው፣ የራጅ ቀለም ከጥበት በላይ ገፍቶ ገብቶ ሐሞቱ ግን ሳይፈስ ሲቀር የሚመጣው ነው። ሰውየው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ትኩሳት ይይዘዋል። መድኃኒቱ አንቲባዮቲክ ብቻ አይደለም፤ ያልፈሰሰው ክፍል እንዲፈስ መደረግ አለበት። አስቀድሞ አንቲባዮቲክ የሚሰጠውም ሐሞቱ ሙሉ በሙሉ ላይፈስ እንደሚችል ሲገመት፣ ወይም ጉበት የተተካለትን ዓይነት ተጋላጭ ሰው ሲሆን ነው። ቱቦው ሙሉ በሙሉ ለሚከፈትለት ሰው ጥቅሙ ትንሽ ሲሆን፣ መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎችን ማብዛቱ ግን አይቀርም።

መሣሪያውን በተመለከተ፣ የኢአርሲፒ ኢንዶስኮፕ ጫፉ ላይ ሽቦዋን ወደሚፈለገው አቅጣጫ የምታነሳ ትንሽ ምላስ አለችው፤ ከሥሯ ያለው ስንጥቅ ለማጽዳት እጅግ አስቸጋሪ ነው። መመሪያው ተከብሮ በተጸዱ መሣሪያዎች ሳይቀር ብዙ መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች መተላለፋቸው ስለታወቀ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 ሆስፒታሎችን አስጠንቅቋል፤ በ2019 ደግሞ ጫፋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶበት ወደሚጣል መሣሪያዎች እንዲሸጋገሩ መክሯል። በሽተኛ ሆኖ «መሣሪያው በእጅ በብሩሽ ይታጠባል? ከኬሚካሉ በኋላ በደንብ ይደርቃል? በየጊዜው የላቦራቶሪ ናሙና ይወሰድለታል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በአግባቡ የሚሠራ ክፍል ይህን ሲጠየቅ አይቆጣም።

ጥያቄ፦ የሐሞት ቱቦዬ ውስጥ ስቴንት ከገባልኝ 8 ወር አልፏል። «ትመጣለህ» ተብዬ ነበር፤ ግን ምንም ስላላመመኝ ተውኩት። ሁለተኛ ትንሽ ስቴንት ቆሽቴም ውስጥ እንደገባ ወረቀቱ ላይ አይቻለሁ። መሄድ አለብኝ?

መልስ፦ አዎ፣ አለብዎት፤ አለማመምዎም አያዘናጋዎት። የፕላስቲክ ስቴንት ለዘለቄታው የሚቀመጥ አይደለም። በውስጡ ባክቴሪያ ስስ ሽፋን ይሠራል፣ በላዩም ዝቃጭ ይከማቻል፤ ከ3 ወር ገደማ ጀምሮ የመዘጋት ዕድሉ እየጨመረ ስለሚሄድ በ3 ወር አካባቢ ወይም ቢዘገይ እስከ 6 ወር ይቀየራል ወይም ይወጣል። የተዘጋ ስቴንት ሲዘጋ ምልክት አይሰጥም፤ የመጀመሪያው ምልክቱ ራሱ ከባድ ትኩሳትና ቢጫ መሆን ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ስቴንቱ ከቦታው ተንሸራቶ ወደ ውስጥ ወይም ወደ አንጀት ይሄዳል፤ ብዙ የቆየ ደግሞ ጠጠር በዙሪያው ሊፈጠርበት ስለሚችል ማውጣቱም ይከብዳል።

የቆሽቱ ትንሽ ስቴንት የተቀመጠው ብግነትን ለመከላከል ይመስላል። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ በራሱ ወድቆ በሰገራ ይወጣል፤ መውጣቱ ግን ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በሆድ ራጅ ይረጋገጣል። ካልወጣ በተራ ኢንዶስኮፒ በደቂቃዎች ውስጥ ይነሳል፤ ለወራት ከተረሳ ቀጭኑን የቆሽት ቱቦ አቁስሎ ሊያጠብበው ይችላል። እርስዎ ይህ ራጅ እንደተነሳልዎ አልጻፉም፤ ስለዚህ አሁን አንድ የሆድ ራጅ የሁለቱንም ስቴንቶች መኖርና ቦታ ያሳያል።

በዚህ ሳምንት ውስጥ ሕክምናውን ወደሠራልዎ ክፍል ይሂዱ፤ ስቴንቱ የገባበትን ቀን፣ ዓይነቱን፣ ውፍረቱንና ርዝመቱን የያዘውን የሪፖርት ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ ከጠፋም ቅጂ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። የጉበት ምርመራም ይሠራልዎት። እስከዚያው ድረስ ትኩሳት፣ ማንቀጥቀጥ፣ የሽንት መጥቆር ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይግቡና በቱቦዎ ውስጥ የቆየ ስቴንት እንዳለ ከሁሉ አስቀድመው ይናገሩ።